በሰው ስም የተጻፈ ካርድ

ከሁለት ዓመት በፊት የእናቴን አሮጌ የስፌት መኪና ለማስጠገን መሳቢያውን ባዶ ሳደርግ፣ ከአዝራሮችና ከተጠላለፉ ክሮች ሥር በአራት የታጠፈ ካርድ አገኘሁ። ወረቀቱ ቢጫ ሆኗል፤ ቀለሙም ደብዝዟል። በግራ በኩል ቀናት ተደርድረዋል፤ በቀኝ በኩል በየቀኑ አንጻር አጭር ፊርማ አለ። የመጀመሪያው ቀን የኅዳር 1971 ዓ.ም. ነው። ከላይ የሰፈረው ስም ግን የእናቴ አልነበረም። በልጅነቷ የሞተች የታላቅ እኅቷ ስም ነበር።

ካርዱን ይዤ ወደ እናቴ ሄድኩ። መነጽሯን አጥልቃ ረዘም ላለ ጊዜ አየችው። «ይህንንስ አቃጥዬዋለሁ ብዬ ነበር» አለች። ቆየት ብላም «የኪኒኑ ነው» አለችኝ። ከዚህ በላይ ለመናገር ሁለት ቀን ፈጀባት። በቤታችን ስለዚህ ነገር አፍ አውጥቶ የተናገረ ሰው ኖሮ አያውቅም። አባቴም ሳያውቅ ነው ያለፈው።

ስለ ወሊድ መከላከያ በአገራችን የተጻፈው ሁሉ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ቃላት ይጠቃለላል፤ «የግንዛቤ ማነስ» እና «የአቅርቦት እጥረት»። ሁለቱም እውነት ናቸው። የእናቴ ካርድ ግን ሌላ ጥያቄ አስነሳብኝ። ገና የወለደች ሴት፣ ሰውነቷ ሳይጠገን፣ ሕፃኗ ጡት ላይ ሳለ፣ ስለሚቀጥለው እርግዝና የምትወስነው በማን ምክር ነው? በዚያ ሰዓት አጠገቧ የተቀመጠው ማን ነው? የዚህ ነገር ታሪክ የመድኃኒቶች ታሪክ ብቻ እንዳልሆነ፣ በአራስ ሴት አልጋ ዙሪያ የተቀመጡ ሰዎች ታሪክም እንደሆነ የተረዳሁት ከዚህ ካርድ ነው።

እናቴ የአርሲ ልጅ ናት። የባቡር ሠራተኛ የነበረውን አባቴን አግብታ በ1963 ዓ.ም. ናዝሬት ገባች። እኔን በ1965 ዓ.ም. ስትወልድ ወደ እናቷ ቤት ተመልሳ ነበር፤ የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ይወለዳልና። አራት ወር ቆየች። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እየተባለች፣ ገንፎና አጥሚት እየቀረበላት፣ በቅቤ እየታሸች፣ እኔም ቀንና ሌሊት ጡቷ ላይ ሆኜ። አባቴ በየወሩ እየመጣ ይጠይቃታል እንጂ ከእርሷ ጋር አያድርም። ወንድምና እኅት የሚመስሉበት ጊዜ ነበር አለችኝ፣ እየሳቀች።

የአራስ ቤት ሥርዓት በዘፈቀደ የቆመ አልነበረም። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ወንድ ልጅ በአርባ፣ ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ትጠመቃለች፤ እናቲቱም እስከዚያ ቤተ ክርስቲያን አትገባም፤ ባልም እስከዚያ እንዲታገሥ ይጠበቅበታል። በእስልምናም የአራስነት ወቅት እስከ አርባ ቀን ይታሰባል፤ ቁርኣንም ማጥባትን ለመሙላት ለሚሻ ሁለት ሙሉ ዓመት ያስቀምጣል። በአርሲ ኦሮሞ ዘንድ ደግሞ የወለደች ሴት «ቀነፋ» የተባለ ትንሽ እንጨት ግንባሯ ላይ ታስራለች፤ ለወራትም አታወልቀውም። ቀነፋ ያሰረችን ሴት መምታትም ሆነ መስደብ ትልቅ ነውር ነው። ባሏ ይህን ሕግ ቢጥስ የሰፈሩ ሴቶች ሲንቄ የተባለውን በትራቸውን ይዘው በአንድነት ይወጣሉ፤ አጥፊው ጥፋቱን አምኖ እስኪክስ ድረስም ወደ ቤታቸው አይመለሱም። እናቴ በልጅነቷ በጎረቤቶቻቸው ግንባር ላይ ቀነፋ አይታለች። «ያችን እንጨት ያየ ወንድ ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር» ትላለች።

እነዚህ ሥርዓቶች ስለ ወሊድ መከላከያ የወጡ አይደሉም። በተግባር ግን ወሊድን ያራርቁ ነበር። ባልና ሚስትን ለተወሰነ ጊዜ ይለያያሉ፤ ሴቲቱን ከከባድ ሥራ ያሳርፋሉ፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሕፃኑን ከጡት አያለያዩም። ሕፃን ቀንና ሌሊት ደጋግሞ ሲጠባ በእናቲቱ አካል ውስጥ እንቁላል እንዲወጣ የሚያደርገው ንጥረ ቅመም ይዳከማል። ሳይንስ ይህን አጥንቶ ሦስት ቅድመ ሁኔታዎችን አስቀምጧል፤ ሕፃኑ ከስድስት ወር በታች ከሆነ፣ ከጡት በቀር ሌላ ምግብ ካልተሰጠው፣ የእናቲቱም የወር አበባ ካልተመለሰ፣ ማጥባት ከመቶ ዘጠና ስምንት እጅ እርግዝናን ይከላከላል። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ግን ዋስትናው ይፈርሳል። አያቶቻችን ሦስቱን ሁኔታዎች በቃል አያውቋቸውም፤ ቤታቸው ግን በእነርሱ ላይ የቆመ ነበር።

ያ ዘመን የደስታ ዘመን ነበር ልል አይደለም። ጥበቃው የወራት እንጂ የዕድሜ አልነበረም። አንዲት ኢትዮጵያዊት በአማካይ ከሰባት በላይ ልጆች ትወልድ ነበር፤ ከወለደቻቸውም ስንቱን እንደቀበረች እያንዳንዱ ቤት ያውቀዋል። በወሊድ ምክንያት የሞቱትንማ ማን ቆጥሯቸው። ሴቲቱ ለአራት ወር ንግሥት ሆና ለቀረው ዕድሜዋ «በቃኝ» የምትልበት አንደበት አልነበራትም። ሆኖም ያ የአራት ወር ዘውድ ሲወልቅ በምትኩ ምን መጣ? እዚህ ላይ ነው የከተማችን ታሪክ የሚገባው።

አዳማን ከተማ ያደረጋት ባቡር ነው። ከጅቡቲ ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ የሚወጣው ሐዲድ በስምጥ ሸለቆው ሲያልፍ ጣቢያ ተከለባት፤ በጣቢያውም ዙሪያ ሰው ተሰበሰበ። በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በመጽሐፍ ቅዱሷ ከተማ ስም ናዝሬት ተባለች፤ በ1992 ዓ.ም. የቀደመ ስሟ በይፋ ተመለሰላት፤ የእናቴ ትውልድ ግን እስከ ዛሬ ናዝሬት ይላታል። ከከተማዋ በስተደቡብ ሆላንዶች ያቋቋሙት የወንጂ ስኳር ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1954 ሥራ ሲጀምር ከከምባታ፣ ከሀዲያና ከሌሎችም አገሮች ሠራተኛ ጎረፈ። ቀጥሎ የመተሐራ ስኳር መጣ። ከብዙ ጊዜ በኋላም በዝዋይ ሐይቅ ዳር የአበባ እርሻዎች ተዘረጉ፤ በሞጆ፣ በቢሾፍቱና በአዳማ ፋብሪካዎች ተተከሉ። ወደ እነዚህ ከተሞች የመጡት ወጣት ባልና ሚስቶች ይዘውት ያልመጡት አንድ ነገር ቢኖር እናቶቻቸውን ነው። የአራስ ቤቱ ሥርዓት በሰፊ ግቢ፣ በዘመድ ብዛትና በአማት ዓይን የሚጠበቅ ነበር። በአንድ ክፍል የኪራይ ቤት፣ በአንድ አልጋ፣ ጧት በፋብሪካ ጥሩምባ በሚነሣ ኑሮ ውስጥ ማን ይጠብቀው?

የእናቴም ነገር እንዲሁ ሆነ። ሁለተኛ ልጇን በ1967 ዓ.ም. ስትወልድ አያቴ ናዝሬት ድረስ መጥታ አረሰቻት። ሦስተኛው፣ ወንድሜ፣ በመስከረም 1969 ዓ.ም. ሲወለድ አያቴ በሕይወት አልነበረችም። ጎረቤቶች ገንፎ አቀመሷት፤ ክርስትናው እንደ ነገሩ ሆነ። እናቴ በአርባ ቀኗ የስፌት መኪናዋ ላይ ተመለሰች፤ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋ ነበርና። ሕፃኑ በሚያለቅስበት ጊዜ ለእኔ ለአራት ዓመቷ ልጅ የጡጦ ወተት ሰጥታኝ እኔ እይዝለት ነበር። ይህን አስታውሳለሁ ብል እዋሻለሁ፤ እርሷ ናት የነገረችኝ። በጥር ወር አረገዘች። «ደሜን ሳላይ ነው ያረገዝኩት» አለችኝ። «ከወለዱ በኋላ ደም ካልመጣ አይረገዝም ብለውኝ ነበር። እኔም አምኜ ነበር።»

አራተኛዋ በጥቅምት 1970 ዓ.ም. ተወለደች። ወንድሜ በአምስት ወሩ ጡት አስጥላው ነበር፤ ያረገዘች ሴት ወተት ሕፃን ይጎዳል ይባላልና። በሽሮና በስኳር ውኃ ያደገ ልጅ ነበር፤ እግሩ ሳይጠና በ1970 ዓ.ም. ክረምት ኩፍኝ ገባ። እኅቴ ተረፈች፤ እርሱ አልተረፈም። እናቴ ስለ እርሱ ስታወራ ስሙን አትጠራም። «የተነጠቀው» ነው የምትለው። ኩፍኝ እንደገደለው ሐኪም ነግሯታል፤ እርሷ ግን እስከ ዛሬ የምትቆጥረው ከጡቱ የወረደበትን ቀን ነው። ካርዱ የተጀመረው ወንድሜ በሞተ በጥቂት ወራት ውስጥ ነው።

«እንግዲህ ምን ልበልሽ፣ ልጄ» አለችኝ። «የእኔ መከላከያ እናቴ ነበረች። እርሷ ስትሞት ሌላ ፈለግሁ።»

ሌላውስ በዚያን ጊዜ ምን ነበር? በ1949 ዓ.ም. የወጣው የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የእርግዝና መከላከያን ለሕዝብ ማስተዋወቅ በወንጀል ያስቀጣ ነበር። መድኃኒቱ ቢኖር እንኳ ስለ እርሱ በአደባባይ መናገር ያስጠይቃል ማለት ነው። የኢትዮጵያ ቤተሰብ መምሪያ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1966 በበጎ ፈቃደኞች ሲመሠረት ሥራውን የጀመረው በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ውስጥ በነበረች አንዲት ክፍል ነው። «ቤተሰብ መምሪያ» የሚለው ስም ራሱ ልብ ይሏል፤ ቤተሰብን መምራት እንጂ ወሊድን መከልከል አይልም። ከዚያች ክፍል ተነሥቶ አገልግሎቱ ቀስ በቀስ በእናቶችና ሕፃናት ክሊኒኮች በኩል ወደ ክፍለ ሀገር ከተሞች ወረደ። በደርግ ዘመንም መንግሥት ለጉዳዩ ያሳየው ጉጉት ዝቅተኛ ቢሆንም ኪኒኑ ከክሊኒኮቹ አልጠፋም።

ናዝሬት በሐኪም ቤት ረገድ ከብዙ ከተሞች የተሻለች ነበረች። በአርበኛው በኃይለ ማርያም ማሞ ስም የተጠራውን ሆስፒታል ከጣሊያን ወረራ በኋላ የሜኖናይት ሚሲዮናውያን ናቸው የከፈቱት፤ ጣሊያን ጥሎት በሄደው የጥጥ መዳመጫ ሕንፃ ውስጥ። ዛሬ የአዳማ ሆስፒታል ሜዲካል ኮሌጅ ነው። እናቴ ግን ወደዚያ አልሄደችም፤ አባቴን የሚያውቁ የባቡር ሠራተኞች ሚስቶች የሚታከሙበት ቦታ ነበርና። ሩቅ ሰፈር ወደሚገኝ አንድ ክሊኒክ ሄደች። ነርሷ «ባልሽ ያውቃል?» አለቻት። «ያውቃል» አለች። ስም ስትጠየቅ የሞተች እኅቷን ስም ሰጠች። «ኃጢአቱ በእኔ ላይ እንዳይጻፍ ነበር?» ብዬ ጠየቅኋት። «ኧረ የምን ኃጢአት፤ ካርዱ ቢወድቅብኝ ማን እንደሆነ እንዳይታወቅ ነው» አለች።

የካርዱን ቀናት አንድ በአንድ ሳነብ ያልጠበቅሁት ነገር አገኘሁ። ከኅዳር እስከ ጥር በየወሩ ፊርማ አለ። ከየካቲት እስከ ነሐሴ ባዶ ነው። ከመስከረም 1972 ዓ.ም. ጀምሮ እንደገና ይቀጥላል። ዘንግታ ይሆናል ብዬ ገመትኩ። እናቴ ግን «ወተቴ ቀነሰ» አለችኝ። እኅቴ የአንድ ዓመት ከምናምን ልጅ ነበረች፤ ጡት ከጎደለባት እንደ ወንድሟ ትሆንብኛለች ብላ ፈራች። ስለዚህ ኪኒኑን ተወች፤ ልጅቷ እህል ስትለምድ ጠብቃ ወደ ክሊኒኩ ተመለሰች። በእነዚያ ሰባት ወራት አባቴን በምን እንዳራቀችው አልጠየቅኋትም።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። የክሊኒክ መዝገብ እንዲህ ያለችውን ሴት «ያቋረጠች» ብሎ ይመዘግባታል፤ ምክንያቱን የሚጠይቅ ካለም «የተሳሳተ ወሬ» ይለዋል። ነገር ግን እናቴ አልተሳሳተችም። በዚያን ጊዜ በብዛት የሚታደለው ሁለት ዓይነት ሆርሞን የያዘው ኪኒን የጡት ወተትን ሊቀንስ ይችላል። ዛሬ የዓለም ጤና ድርጅት የምታጠባ እናት ከወሊድ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት ጨርሶ እንዳትወስደው፣ እስከ ስድስት ወርም ሌላ አማራጭ እንድትይዝ የሚመክረው ወተትንና የደም መርጋት አደጋን አስቦ ነው። ለአጥቢ እናት የሚስማማው ባለ አንድ ሆርሞን መድኃኒት በኋላ ነው በሰፊው የተዳረሰው። አራስ ሴት «ይህ መድኃኒት ልጄን ይጎዳብኛል» ስትል ሁልጊዜ ከድንቁርና ተነሥታ አይደለም፤ አንዳንድ ጊዜ ከሐኪሙ ቀድማ በገላዋ አውቃ ነው። ያልተሟላላት ሁለተኛ አማራጭ ነው።

አማራጭ መስፋት የጀመረው ከደርግ ውድቀት በኋላ ነው። በ1985 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የሥነ ሕዝብ ፖሊሲ መከላከያን በማስተዋወቅ ላይ የነበረው ገደብ እንዲነሣ አመለከተ፤ ከመቶ አራት ብቻ የነበረውን የተጠቃሚዎች ቁጥር እ.ኤ.አ. በ2015 ወደ አርባ አራት ለማድረስ፣ የአንዲት ሴትን አማካይ ወሊድም ከ7.7 ወደ 4 ለማውረድ አቀደ። ቁጥሮቹ ቀስ ብለው ተነሡ። በአገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች መሠረት መከላከያ የሚጠቀሙ ያገቡ ሴቶች እ.ኤ.አ. በ2000 ከመቶ 8፣ በ2005 ከመቶ 15፣ በ2011 ከመቶ 29፣ በ2016 ከመቶ 36፣ በ2019 ከመቶ 41 ሆኑ። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር በየገጠር ቀበሌው ሁለት ሁለት ሴቶችን ሲያሰማራ መድኃኒቱ ራሱ ወደ ሴቶቹ ደጅ መጣ።

ሴቶቹ የመረጡት ግን እኩል አልነበረም። ኪኒን እ.ኤ.አ. በ2000 ከመርፌ ጋር ተቀራራቢ ነበር፤ ሁለቱም ከመቶ ሦስት ያህል። በ2016 ኪኒን ከመቶ 2 ሲሆን የሦስት ወር መርፌ ከመቶ 23 ደረሰ። ብዙ ጸሐፊዎች ይህን «አመቺ ስለሆነ» ብለው ያልፉታል። አመቺነቱ ከምን ላይ ነው? የስፌት መኪና መሳቢያ አይፈልግም። ከመርፌው በኋላ በቤት ውስጥ የሚገኝ ምንም ነገር የለም። አንዲት ሴት «ልጁን ላስከትብ» ብላ ወጥታ መርፌዋን ወስዳ መመለስ ትችላለች። ካርዱንም ነርሷ ዘንድ ትተወዋለች። እናቴን ከአዝራሮች ሥር ያስደበቃት ምክንያት የአንድን አገር ሴቶች ምርጫ ሲያዘነብል የሚታየኝ በዚህ ነው።

በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረው መከላከያም እንዲሁ የራሱ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ሠልጥነው በየቀበሌው መቅበር ጀመሩ፤ ለሦስት ዓመት የሚያገለግል ትልቅ ዕድል ነበር። ሥልጠናቸው ግን መቅበርን እንጂ ማውጣትን አላካተተም ነበር፤ ማስወጣት የፈለገች ሴት ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነበረባት። በመንደር «ገብቶ አይወጣም»፣ «በደም ሥር ይሄዳል» የሚለው ወሬ የተስፋፋው ከአየር ላይ ነውን? በክንድ የተቀበረው ከቦታው ርቆ የሚሄደው እጅግ አልፎ አልፎ ነው። ይሁን እንጂ ማስገቢያው በደጅ፣ ማውጫው በሩቅ ሲሆን ሰው ይጠራጠራል። ስለ መርፌውም «ደም ያጠራቅማል፣ ማሕፀን ያደርቃል» ይባላል። መርፌ የወር አበባን ማስቀረቱ እውነት ነው፤ ደም ግን አይጠራቀምም። ካቆሙት በኋላ ፅንስ ለመያዝ ወራት መዘግየቱም እውነት ነው፤ መካን ግን አያደርግም። ወሬው ከእውነቱ ጫፍ ተነሥቶ የሚሄድ ስለሆነ ጫፉን ሳያምኑ ቀሪውን ማስተባበል አይቻልም።

ገና የወለደች ሴት ጉዳይ ከሁሉም ይለያል። ሌላዋ ሴት «አላረግዝም» ብላ ትነሣለች፤ አራሷ ግን መጀመሪያ «ላረግዝ እችላለሁ» ብላ ማመን አለባት። እናቴ በ1969 ዓ.ም. የሰማችውን ቃል እኔ በዚህ ዓመት በአዳማ ገበያ ሰምቼዋለሁ፤ «ደም እስኪመጣ ምን አስቸኮለሽ» ይባላል። ባሏ ሹፌር የሆነች ሴት ደግሞ «እርሱ መቼ ቤት ያድራል» ትላለች። ከጅቡቲ የሚመጣው መንገድ በከተማችን ያልፋልና እንዲህ የሚሉ ብዙ ናቸው። ባል ግን በሁለት ሳምንት አንዴ ቢመጣም ይመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ከአንዱ ወሊድ እስከሚቀጥለው እርግዝና ቢያንስ ሁለት ዓመት እንዲጠበቅ ይመክራል፤ እ.ኤ.አ. በ2016 በአገራችን ከተወለዱት ቀጣይ ልጆች መካከል ከአምስት አንዱ ያህል ከታላቁ በሁለት ዓመት እንኳ አልራቀም።

ለዚህ ሁሉ በሩ የት ነው? ድሮ በሩ የእናት ቤት ነበር። ዛሬ የጤና ተቋም ነው፤ እርሱም የተከፈተው በቅርቡ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 በጤና ተቋም የሚወልዱት ከመቶ 5 ብቻ ነበሩ፤ በ2019 ከመቶ 48 ደረሱ። የወለደችው ሴት ከዚያ ሳትወጣ በክንድ የሚቀበረውን ወይም ሉፕ ማግኘት ትችላለች። ያ ቢያልፋት ልጇን ለአርባ አምስት ቀን ክትባት ይዛ ስትመጣ ሁለተኛ በር አለ። እኔ እንደማየው የሚጎድለው በሩ ላይ የቆመው ሰው ነው። ለልጁ ክትባት የሰጠ እጅ እናቲቱን «አንቺስ?» ብሎ ሳይጠይቅ ሲያሰናብታት፣ ከዚያ ወጥታ ወደምትጠየቅበት ሌላ ቦታ አትሄድም።

የሥራውም ነገር አለ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ የድኅረ ወሊድ ፈቃድን ከስድሳ ወደ ዘጠና ቀን ከፍ አድርጎታል፤ መልካም ነው። ዘጠና ቀን ግን ሦስት ወር ነው፤ በጡት ወተት ብቻ መመገብ የሚገባው ደግሞ ስድስት ወር። በፋብሪካና በአበባ እርሻ የምትሠራ እናት በሦስተኛው ወር ወደ ሥራ ስትመለስ ልጁ ጡጦ ይጀምራል፤ ከሦስቱ ቅድመ ሁኔታዎች አንዱ በዚያን ቀን ይፈርሳል። ማንም ግን «ከዛሬ ጀምሮ ጡትሽ አይጠብቅሽም» አይላትም። የእናቴ የስፌት መኪና እነሆ በመቶ ተባዝቶ በትልልቅ አዳራሾች ተደርድሯል።

ከእነዚያ አዳራሾች በአንዱ የምትሠራ የእኅቴ ልጅ አለችኝ፤ ያች በጥቅምት 1970 ዓ.ም. የተወለደችው እኅቴ ልጅ። ባለፈው ዓመት አዳማ ውስጥ የመጀመሪያ ልጇን ወለደች። በወለደች ማግስት አንዲት ወጣት አዋላጅ አልጋዋ አጠገብ ተቀምጣ ያሉትን አማራጮች አንድ በአንድ ነገረቻት። ባሏ ዝም ብሎ ያዳምጣል። አማቷ «ገና አራስ ናት፣ ገላዋ ይድረቅ» አለች። የእኅቴ ልጅ ግራ ገብቷት ወደ እናቴ ዞረች። «እማማ፣ ምን ትያለሽ?»

እናቴ ከዘንቢሏ ውስጥ የአጥሚቱን ዕቃ እያወጣች ነበር። ዕቃውን አስቀመጠች። እርሷ ካርዱን አልጠቀሰችም፤ ወንድሜንም አላነሣችም። አዋላጇን ሁለት ነገር ጠየቀቻት። «ወተቷን ይቀንሳል?» አለች። «አይቀንስም እማማ፣ ይህኛው ለምታጠባ የሚሆን ነው» አለቻት። «ስትፈልግስ ይወጣል? የሚያወጣው ማን ነው?» «እዚሁ መጥታ፣ በማንኛውም የሥራ ቀን እናወጣላታለን።» እናቴ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞራ «የሚያስፈራው ይህ ነበር፤ ተመልሶልሻል። የቀረውን አንቺ ታውቂያለሽ» አለቻት።

ልብ በሉ፤ ሁለቱም ጥያቄዎች ከዚያ ካርድ የወጡ ናቸው። አንዱ ከባዶዎቹ ሰባት ወራት፤ ሌላው ተደብቆ ከኖረ ፍርሃት። ስንት ጥናት ሊደርስበት የሚደክመውን ነገር አንዲት የሰማንያ ዓመት ሴት በሁለት ጥያቄ ጨረሰችው። አዋላጇም የአያቴን ወንበር ወርሳ የተቀመጠች ያህል ሆና ታየችኝ፤ የሚለየው አዋላጇ የምታቀርበው ነገር ሴቲቱ ከእናቷ ቤት ከወጣች በኋላም አብሯት የሚሄድ መሆኑ ነው።

የእኅቴ ልጅ በክንድ የሚቀበረውን መረጠች። አዋላጇ ካርድ አውጥታ «ስም?» አለቻት። የእኅቴ ልጅ ስሟን ከነአባቷ፣ ከነአያቷ ጮክ ብላ ነገረቻት። እናቴን አየኋት፤ ከንፈሯን አንቀሳቀሰች፤ የሟች እኅቷን ስም የጠራች መሰለኝ። ካርዱን ባሏ ተቀብሎ በሸሚዝ ኪሱ ከተተው።

የእናቴ ካርድ አሁን እኔ ዘንድ ነው። እንዳቃጥለው ሁለት ጊዜ ጠይቃኛለች፤ ሁለቱንም ጊዜ እሺ ብዬ አላቃጠልኩም። አንባቢ ሆይ፣ በእናትህ ወይም በእናትሽ መሳቢያ ውስጥም እንዲህ ያለ ወረቀት ሊኖር ይችላል። በሕይወት ካሉ ጠይቋቸው።

ቸር ይግጠመን።